እርጅናን ለማዘግየት የቱ ይሻላል? ብልቃጡ፣ ጾሙ፣ ክሬሙ ወይስ የሐይቅ ዳር እርምጃ

ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ብልቃጥ አይጠፋም። አንዱ ኮላጅን ነው፣ ሌላው ቫይታሚን ኢ፣ ሌላው ደግሞ ኤንኤምኤን የሚባል አዲስ ነገር። «ለእማዬ ነው፣ እርጅና ያዘገያል» ተብሎ ይሰጣል። እዚሁ ሀዋሳ ፋርማሲ ብትገቡ መጨማደድ ያጠፋል የሚባል ክሬም ተደርድሯል። ቲክቶክ ላይ ጾም ህዋስ ያድሳል ይባላል። ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር በእግሩ የሚሄደውም ሰው በዝቷል። ሁሉም ቃል የሚገባው ያንኑ ነው። ገንዘብና ጊዜ ግን ለሁሉም አይበቃም።

ይህ መመሪያ ለመምረጥ ለተቸገረ ሰው ነው። የምርት ስም አላነሳም። መጀመሪያ ሰውነት ለምን እንደሚያረጅ እንይ። እሱን ካላወቅን ሻጭ ያለንን ሁሉ ተቀብለን መሄዳችን ነው። ከዚያ መመዘኛ አውጥተን አማራጮቹን እንፈትሻቸዋለን።

ሰውነት ውስጥ የሚያረጀው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ ተመራማሪዎች እርጅና የሚታወቅባቸውን ሂደቶች ሰብስበው በ9 መደቧቸው። በ2023 ዝርዝሩ 12 ደረሰ። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። እርጅና አንድ መንስኤ የለውም። «ዋናውን መንስኤ አገኘነው» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ከ12ቱ ስለ አንዱ ብቻ እየነገሯችሁ ነው።

ለምርጫችን የሚጠቅሙትን ብቻ ላንሳ።

አንደኛው የዲኤንኤ ጉዳት ነው። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ ዲኤንኤ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠር ጉዳት ይደርስበታል። አብዛኛውን ሰውነት ራሱ ይጠግነዋል። የተረፈው ይጠራቀማል። ፀሐይና ሲጋራ ይህን ያፋጥናሉ።

ሁለተኛው ቴሎሜር ነው። የክሮሞዞም ጫፍ ላይ ያለ መከላከያ ሲሆን ህዋስ በተከፈለ ቁጥር ያጥራል። ሌናርድ ሄይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 የሰው ህዋስ በላብራቶሪ ውስጥ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ተከፍሎ እንደሚያቆም አሳየ። ቴሎሜርን መልሶ የሚያስረዝም ቴሎሜሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። በዚህ ዘርፍ ሦስት ሳይንቲስቶች በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ታዲያ «ቴሎሜር ያስረዝማል» የሚባል እንክብል ለምን አይገዛም? አብዛኞቹ የካንሰር ህዋሳት ያለማቋረጥ የሚባዙት ይህንኑ ኢንዛይም ተጠቅመው ስለሆነ ነው። ህዋስ መከፈል ማቆሙ በከፊል ለእኛው ጥበቃ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ መከፈል አቁመው፣ ሳይሞቱ የሚቀሩ ህዋሳት ናቸው። ዝም ብለው አይቀመጡም። ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ጆንያ ውስጥ ያለ አንድ የበሰበሰ ድንች አጠገቡ ያለውን እንደሚያበላሸው ጤነኛ ጎረቤቶቻቸውን ይበክላሉ። በ2011 እነዚህ ህዋሳት የተወገዱላቸው አይጦች በእርጅና የሚመጡ አንዳንድ ችግሮች ዘግይተውላቸዋል። ሙከራው የተደረገው ቶሎ እንዲያረጁ ተደርገው በተፈጠሩ አይጦች ላይ እንደነበር ግን አትርሱ።

ከዚያ ማይቶኮንድሪያ አለ። የህዋስ ጉልበት የሚመረተው እዚያ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ምርቱ ይቀንሳል። ሌላው የምግብ መለኪያው ነው። ህዋስ ምግብ ሲበዛለት ያድጋል፣ ሲቀንስበት ደግሞ ወደ ጥገና ይዞራል። ያረጁ ክፍሎቹን ሰባብሮ መልሶ ይጠቀምባቸዋል። ይህ ሂደት ኦቶፋጂ ይባላል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ነው። ስለ ጾም የሚወራው ሁሉ መነሻው እዚህ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ የሚደንቅ ነገር ልንገራችሁ። በአገራችን ምሥራቃዊ ቆላ፣ በሶማሊያና በኬንያ መሬት ውስጥ የሚኖር ፀጉር የለሽ ፍልፈል አለ። መጠኑ አይጥ ያክላል። አይጥ ሁለት ሦስት ዓመት ኖራ ስትሞት ይህ ፍልፈል ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። ካንሰርም እምብዛም አይዘውም። በ2018 የወጣ ጥናት የመሞት ዕድሉ ከዕድሜው ጋር እንደማይጨምር አሳይቷል። የዓለም ላብራቶሪዎች ምስጢሩን ለማግኘት ይህን የእኛን ፍልፈል እያረቡ ያጠናሉ። የእርጅና ፍጥነት ለሁሉም ፍጡር አንድ ዓይነት አለመሆኑን እሱ ነው የሚነግረን።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥብኛል። የተረጋገጠው በማን ላይ ነው? በትል ላይ ነው፣ በአይጥ ላይ ነው ወይስ በሰው ላይ? እ.ኤ.አ. በ1993 ሲንቲያ ኬንየን በአንዲት ትንሽ ትል ውስጥ አንድ ጂን በመለወጥ ብቻ ዕድሜዋን በእጥፍ አራዘመች። ትልቅ ግኝት ነው። ሰው ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። በሰው ላይ ተሞከረ ሲባልም ምን እንደተለካ ጠይቁ። ደም ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ከፍ አለ ማለትና ሰውየው ደረጃ መውጣት ቻለ ማለት ይለያያሉ።

ሁለተኛ፣ ካነሳናቸው ሂደቶች ስንቱን ይነካል? ሦስተኛ፣ ጉዳቱ ምንድን ነው? አራተኛ፣ ለዓመታት ልትቀጥሉበት ትችላላችሁ? ለሁለት ወር ተወስዶ የሚቆም ነገር እርጅና ላይ ለውጥ አያመጣም። ዘመድ ሲመጣ ብቻ የሚገኝ ብልቃጥ እዚህ ላይ ይወድቃል። አምስተኛ፣ ችግር ቢፈጠር እዚሁ ሀዋሳ የሚከታተላችሁ ሰው አለ ወይ?

ቫይታሚን ኢ፣ ቤታ ካሮቲንና ሌሎች አንቲኦክሲዳንቶች

ሐሳቡ ያምራል። ዴንሃም ሃርማን በ1956 ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ነገሮች ህዋስን እየጎዱ ያስረጁታል የሚል ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። እንግዲያው የሚያመክናቸውን፣ አንቲኦክሲዳንት የሚባለውን፣ ብንውጥ እንድናለን ተባለ። ንግዱ የተገነባው በዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በሰው ላይ ተሞከረ። ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2011 ደግሞ ቫይታሚን ኢ የወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሮ ታየ። ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ባይለይም አንድ የምናውቀው ነገር አለ። ሰውነት ጥቂት ፍሪ ራዲካል ይፈልጋል፤ «ተጠንቀቅ፣ ጠግን» የሚል መልእክት ያደርስበታል። በ2009 በተደረገ ጥናት ስፖርት እየሠሩ ቫይታሚን ሲና ኢ በብዛት የወሰዱ ሰዎች ስፖርቱ በኢንሱሊን ላይ የሚያመጣውን ጥቅም አጡ።

ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ለእርጅና ብላችሁ አትግዙ። ይህ እጥረት ላለበት ሰው ሐኪም የሚያዘውን አይመለከትም። ቢ12 ወይም ቫይታሚን ዲ ጎድሎ ሲገኝ መተካቱ ሕክምና ነው። ብርቱካንና ጎመንም ጤነኛ ምግብ ናቸው፤ ማንም አልከለከለም።

ኤንኤምኤንና ዘመዶቹ

ኤንኤዲ የሚባል ለህዋስ ጉልበት የሚያስፈልግ ሞለኪውል አለ። በዕድሜ ይቀንሳል። እነዚህ እንክብሎች ሰውነት እሱን እንዲሠራ ጥሬ ዕቃ ያቀርባሉ። በሰው ደም ውስጥ ኤንኤዲን ከፍ እንደሚያደርጉ ታይቷል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ማለትም ሰውየው በረታ ወይ፣ ረጅም ዕድሜ ኖረ ወይ የሚለው ግን አልተረጋገጠም። በአይጥ የታየው ጥሩ ውጤት በሰው ላይ በዚያው ልክ አልተደገመም። ዋጋው ውድ ነው፣ ብልቃጡ ውስጥ በትክክል የተጻፈው መኖሩንም እዚህ የሚያረጋግጥልን የለም። በዚህ ገንዘብ ምን ሊደረግ እንደሚችል ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን፣ ኮላጅንም ከዚሁ ተርታ ነው። ሆድ ውስጥ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል። የቆዳ እርጥበት አሻሻለ የሚሉ አነስተኛ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹን የደገፉት አምራቾቹ ናቸው። አይጎዳም፣ ግን እንቁላልና ዓሣ ግዙበት።

የሐኪም መድኃኒቶች፦ ሜትፎርሚንና ራፓማይሲን

ራፓማይሲን በኢስተር ደሴት አፈር ውስጥ ካለ ባክቴሪያ የተገኘ ነው። በ2009 ዕድሜያቸው በገፋ አይጦች ላይ ሲሞከር ሴቶቹን በ14፣ ወንዶቹን በ9 በመቶ ዕድሜ አራዘመ። ከሁሉም መድኃኒት በአይጥ ላይ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው። ነገር ግን ኩላሊት የተተካለት ሰው የበሽታ መከላከያው አዲሱን ኩላሊት እንዳያጠቃ የሚወስደው መድኃኒት ነው። ቲቢ በየሰፈሩ ባለበት አገር የመከላከል አቅምን በራስ ፈቃድ ማዳከም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አትንኩት።

ሜትፎርሚን የስኳር መድኃኒት ነው። ርካሽ ነው፣ ለስኳር ታማሚ ጥሩ ነው። ስኳር የሌለበት ሰው «ዕድሜ ያራዝማል» ብሎ ሲወስደው ግን ማስረጃ የለውም። እንዲያውም በ2019 የታተመ ጥናት ክብደት የሚያነሱ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ሜትፎርሚን ሲጨመርላቸው ጡንቻቸው ያደገው ካልወሰዱት ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12ን ያጎድላል። የታዘዘላችሁ ሰዎች ይህን አንብባችሁ እንዳታቆሙ። የምናገረው ለጤነኛው ነው።

ጾምና ምግብ መቀነስ

እ.ኤ.አ. በ1935 ክላይቭ ማኬይ ምግብ የተቀነሰባቸው አይጦች ረጅም ዕድሜ እንደሚኖሩ አሳየ። ከዚያ ወዲህ በብዙ እንስሳት ተደግሟል። በጦጣ ግን ተከራከሩ። የዊስኮንሲን ጥናት በ2009 ጠቀመ አለ፤ ሌላው የአሜሪካ ጥናት በ2012 ዕድሜ አላራዘመም አለ። አንዱ ልዩነት ምግቡ ነበር። የዊስኮንሲኖቹ ማነጻጸሪያ ጦጣዎች ስኳር የበዛበት ምግብ እንዳሻቸው ይበሉ ነበር። ስለዚህ «ትንሽ መብላት ጠቀመ» የተባለው በከፊል «ብዙ ስኳር መብላት ጎዳ» ማለት ሊሆን ይችላል።

በሰው ላይ የተደረገው ትልቁ ሙከራ ሁለት ዓመት የፈጀ ነው። ተሳታፊዎቹ ምግባቸውን በ25 በመቶ እንዲቀንሱ ታስቦ በአማካይ 12 በመቶ ያህል ቀነሱ። ደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ተሻሻለ። በ2023 በወጣ ትንታኔ የእርጅና ፍጥነታቸው ከ2 እስከ 3 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በሌላ በኩል ጡንቻና የአጥንት ጥግግት አጥተዋል። ለ35 ዓመት ሰው ይህ ብዙ ላይሆን ይችላል። ለ72 ዓመት እናት ግን ወድቆ ዳሌ መስበር ማለት ሊሆን ይችላል።

በከተማችን ሁዳዴ የሚጾም አለ፣ ረመዳን የሚጾም አለ፣ በጾም ጸሎት የሚቆይ ፕሮቴስታንት አለ። ማናቸውም ለህዋስ ብለው አይጾሙም፣ እኔም ጾማቸውን በዚህ ሚዛን አልመዝንም። ለጤና ብሎ ለሚጾም ግን ሁለት ነገር ልበል። የስኳር መድኃኒት በተለይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ረጅም ሰዓት አይጹም፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሁለተኛው ፕሮቲን ነው። ዋሳ፣ በሌላ ስሙ ቆጮ፣ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው በቀን በኪሎ ክብደቱ ቢያንስ 1 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ይመከራል። 60 ኪሎ የሚመዝኑ እናት 60 ግራም ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽሮና ባቄላ መብዛት አለበት። በፍስክ እንቁላል፣ አይብ፣ ከአሞራ ገደል የመጣ ቆሮሶ ዓሣ።

እንቅስቃሴ

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ከላይ ካነሳናቸው ሂደቶች ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ የሚነካ ሌላ አማራጭ የለም። ጡንቻ ሲሠራ አዳዲስ ማይቶኮንድሪያ ይመረታል። ኦቶፋጂ ይነሳሳል። ጡንቻው ስኳርን ከደም ይስባል። የቆየ ብግነት ይቀንሳል። ከዚህ አብዛኛው በሰው ላይ የተለካ ነው።

በ2011 የታተመ ጥናት 120 አረጋውያንን ለሁለት ከፈለ። ግማሹ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ በእግሩ ሄደ፣ ግማሹ ማፍታታት ብቻ ሠራ። ከዓመት በኋላ የሄዱት ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል በ2 በመቶ አደገ። የሌሎቹ ቀነሰ። እርምጃ ነው እንጂ ሩጫ እንኳ አይደለም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ያለው መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ጉልበት ያለው ታቦር ተራራን ይውጣ። ሀዋሳ ሜዳ ከተማ ናትና ብስክሌትም ይመቻል።

ይሁን እንጂ እርምጃ ብቻውን አይበቃም። ይህን ነው ሰው የሚረሳው። በዕድሜ ቶሎ የሚሸሸው የጡንቻ ጉልበት ነው፤ እሱን የሚመልሰው ክብደት ማንሳት ነው። በ1994 ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 87 የሆነ 100 ሰዎች ተጠኑ። ለ10 ሳምንት በእግራቸው ክብደት የገፉት ጉልበታቸው ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ 113 በመቶ። የእርምጃ ፍጥነታቸውም ከፍ አለ። በዚያው ጥናት ውስጥ የተመጣጠነ የምግብ ማሟያ ብቻ የተሰጣቸው ነበሩ። እነሱ ላይ ጉልበት አልጨመረም። ማሟያና ልምምድ በአንድ ሜዳ ሲፎካከሩ ያሸነፈው ልምምዱ ነው። በ87 ዓመት!

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እማማ ውሃ ልቅዳ ብለው ሲነሱ ምን እንላለን? «እርስዎ ይቀመጡ!» ልጅ ሮጦ ይቀዳል። አባባ ከገበያ ዘንቢል ይዘው ሲመጡ ከበር እንቀማቸዋለን። ከበርጩማ ሲነሱ ክንዳቸውን እንይዛለን። ይህ ሁሉ አክብሮት ነው፣ እኔም በዚህ አድጌያለሁ፣ እወደዋለሁ። ጡንቻ ግን አክብሮት አያውቅም። ካልተጠቀሙበት ይሟሽሻል። ጡረታ ወጥተው ሶፋ ላይ የተቀመጡ አባት በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኩዝ ሲይዙ «አረጁ» እንላለን። ከፊሉን ያስረጀናቸው እኛ ነን። ዘንቢሉን በሙሉ አትቀሟቸው። ከፊሉን ተዉላቸው።

መለኪያ ከፈለጋችሁ ቤት ውስጥ ይሠራል። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተነስተው ይቀመጣሉ? ከ65 እስከ 69 ዓመት ላሉ ወንድ ከ12፣ ሴት ከ11 በታች ከሆነ ከአማካይ በታች ነው፤ የመውደቅ አደጋው ከፍ ይላል። የሚያስደስተው ደግሞ መለኪያው ራሱ ልምምድ መሆኑ ነው።

ቆዳ፦ ጥላ፣ ሰንስክሪን ወይስ ክሬም?

ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። ጨረሩ የቆዳን ኮላጅን ይበጣጥሳል፣ ዲኤንኤውን ይጎዳል። ጥቁር ቆዳ መከላከያ አለው፤ ፈጽሞ አይጎዳም ማለት ግን አይደለም። በእኛ ላይ መጀመሪያ የሚታየው መጨማደድ ሳይሆን የቀለም መዥጎርጎር ነው።

በ2012 አንድ የሕክምና መጽሔት 28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ፎቶ አወጣ። በመስኮቱ በኩል ያለው የግራ ፊቱ በጥልቅ ተጨማድዷል፤ ቀኙ ግን ያን ያህል አይደለም። አንድ ሰው ነው፣ አንድ ዕድሜ ነው። ቆዳ የሚያስረጀው ጨረር በመስታወት ያልፋል። የሚኒባስና የጭነት መኪና ሾፌሮቻችንም የሚቀመጡት በግራ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ደግሞ በ2013 ታተመ። 900 ያህል ሰዎች ለአራት ዓመት ተኩል ተከታተሏቸው። ሰንስክሪን በየቀኑ የተቀቡት የቆዳ እርጅናቸው እንዳሻቸው ከተቀቡት በ24 በመቶ አነሰ። እዚያም የቤታ ካሮቲን እንክብል አብሮ ተሞክሮ ነበር። ለውጥ አላመጣም። እንክብልና ልማድ ፊት ለፊት የተገናኙበት ሁለተኛው ጥናት መሆኑ ነው።

ሰንስክሪን ውድ ከሆነ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ። ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ፈልጉ። ሐይቅ ላይ ጀልባ የሚቀዝፉ፣ ዓሣ የሚያወጡ፣ ዳር ላይ ፎቶ የሚያነሱ ወጣቶች ከማንም በላይ ይህን ይፈልጋሉ።

ፊት የሚያቀላ ክሬምን በተመለከተ አጥብቄ እናገራለሁ። ብዙዎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው። መጀመሪያ ፊት ያምራል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ሲያቆሙት ይቆጣል። ወጣት ለመምሰል ተብሎ ቆዳን ማስረጀት ነው።

ማንም እርጅና መከላከያ ብሎ የማይሸጠው፦ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ

ከፍተኛ ግፊት የደም ሥርን ያደርቃል፤ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ያስረጃል። ምልክት ስለሌለው ብዙ ሰው ይዞት እየኖረ አያውቀውም። ስኳር ሲበዛ ደግሞ ፕሮቲኖች ላይ ተጣብቆ ያደርቃቸዋል፣ ኮላጅንንም ጨምሮ። የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ የሚለካው ይህንኑ፣ ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ግፊት ጤና ጣቢያም ፋርማሲም ይለካል፤ የሚያስፈልጉት መድኃኒቶች የቆዩና ርካሽ ናቸው። ሲጋራ ለማቆም ገንዘብ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይተርፋል።

ባጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | የሚነካው ሂደት | በሰው ላይ ያለው ማስረጃ | ጉዳት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ክብደትና እርምጃ | ብዙዎቹን | ጠንካራ | ጥቂት፣ ቀስ ተብሎ ከተጀመረ | ነጻ |
| ግፊትና ስኳር መቆጣጠር | የደም ሥር፣ ፕሮቲን | ጠንካራ | መድኃኒቱ ክትትል ይፈልጋል | ትንሽ |
| ሲጋራ ማቆም | ዲኤንኤ፣ ብግነት | ጠንካራ | የለም | ይተርፋል |
| ጥላና ሰንስክሪን | የቆዳ ዲኤንኤ፣ ኮላጅን | ጠንካራ፣ ለቆዳ | የለም ማለት ይቻላል | ከነጻ እስከ መካከለኛ |
| ምግብ መቀነስ | ኦቶፋጂ፣ የምግብ መለኪያ | መካከለኛ | ለአረጋዊ የጡንቻና የአጥንት መሳሳት | ነጻ |
| ኮላጅን | ቆዳ | ደካማ | ጥቂት | ውድ |
| ኤንኤምኤን | ማይቶኮንድሪያ | ደካማ | ገና አልለየም | በጣም ውድ |
| ሜትፎርሚን ለጤነኛ | የምግብ መለኪያ | የለም | ጡንቻ፣ ቢ12 | ርካሽ |
| ራፓማይሲን | የምግብ መለኪያ | አይጥ ላይ ጠንካራ፣ ሰው ላይ ገና | ከባድ | ውድ |
| ቫይታሚን ኢ፣ ቤታ ካሮቲን | ፍሪ ራዲካል | ተሞክሮ ወድቋል | ካንሰር ሊጨምር ይችላል | መካከለኛ |

ለማን የቱ?

ገንዘብ ለሌለው ሰው ጥሩ ዜና ነው፤ የሰንጠረዡ የላይኛው ክፍል ከሞላ ጎደል ነጻ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሁለት ቀን ክብደት። ጂም አያስፈልግም። ሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ አሸዋ ሞልታችሁ አንሱ።

በሠላሳዎቹ ላሉ ቅድሚያው ሲጋራ፣ ፀሐይና ጡንቻ ነው። ክብደት የጨመረ ሰው ምግቡን፣ በተለይ ለስላሳና ስኳር የበዛበትን ሻይ፣ መቀነሱ ይጠቅመዋል። ለእርጅና ብሎ እንክብል መጀመር ግን አያስፈልገውም።

ሃምሳን ላለፈ፣ ከሁሉ በፊት ግፊትና ስኳር ይለካ። ገንዘቡ ካለው ቀጥሎ የሚገዛው ጥሩ ጫማና ሰንስክሪን ነው።

ሰባን ላለፉ ወላጆች ምግብ መቀነስን እርሱት። ፕሮቲን ይጨመር፣ ከወንበር መነሳት ይጀመር። የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ አንድ ላይ ተይዘው ለሐኪም ይታዩ፤ አንዳንዱ ሲጣመር ያዞራል፣ ይጥላል።

ከውጭ ለሚልክ ወንድም ወይም እህት፦ የኤንኤምኤኑን ገንዘብ በሌላ ቀይሩት። ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ ላኩ፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የማያንሸራትት ጫማ። የዓይን ምርመራና መነጽር፤ መውደቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ካለማየት ነው። የተረፈው የሦስት ወር እንቁላልና ምስር ይሁን።

የወንበሩን ልምምድ ከወላጅ ጋር ስትጀምሩ መጀመሪያ በእጃቸው ወንበሩን ደግፈው ይነሱ። አምስት ጊዜ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ እንደገና አምስት። በሳምንት ሦስት ቀን። ሲቀላቸው እጃቸውን ደረት ላይ ያጣምሩ፤ እሱም ሲቀል የውሃ ጠርሙስ ይያዙ። አጠገባቸው ቁሙ እንጂ ክንዳቸውን አትያዙ። የደረት ሕመም፣ ከልክ ያለፈ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከመጣ ቁጭ አድርጓቸው፣ ሐኪም ሳያያቸውም አትቀጥሉ።